የትምህርት ቤት በር ሲዘጋ፤ የአንደኛ ደረጃ ሕፃናት የቤት ውስጥ ትምህርት በታሪክ

መግቢያ

መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ውስጥ የሚገኙ ትምህርት ቤቶች ሁሉ እንዲዘጉ ተወሰነ። በአገሪቱ የመጀመሪያው የኮቪድ-19 ሕመምተኛ መገኘቱ ከተገለጸ ገና ሦስት ቀን ነበር። የሁለተኛው መንፈቀ ዓመት ትምህርት ከተጀመረ ብዙ ሳይቆይ ወደ 26 ሚሊዮን የሚጠጉ ተማሪዎች ደብተራቸውን ይዘው ወደየቤታቸው ተመለሱ። በሮቹ ደረጃ በደረጃ መከፈት የጀመሩት ሰባት ወር ያህል ካለፈ በኋላ፣ በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ነበር። በዚያው ዘመን በዓለም ዙሪያ ከ190 በሚበልጡ አገሮች ከአንድ ቢሊዮን ተኩል በላይ የሚሆኑ ተማሪዎች በተመሳሳይ ሁኔታ ከትምህርት ገበታ ርቀው ነበር።

ከእነዚህ ሁሉ ይበልጥ የሚያሳስበው የመጀመሪያዎቹ ክፍሎች ሕፃን ጉዳይ ነው። የ10ኛ ክፍል ተማሪ መጽሐፍ ይዞ ለብቻው ሊያጠና ይችላል። ፊደል ለይቶ ገና ቃል ለማንበብ የሚንተባተበው የ2ኛ ክፍል ልጅ ግን ሰባት ወር ሳያነብ ከቆየ የጀመረውን ሊያጣው ይችላል። ስለሆነም «ትምህርት ቤት ሲዘጋ ሕፃኑ በቤቱ ምን ይሥራ?» የሚለው ጥያቄ ለሥርዓተ ትምህርት አዘጋጁም ሆነ ለመምህሩ መሠረታዊ ጥያቄ ነው።

ጥያቄው በ2012 ዓ.ም. የተፈጠረ አይደለም። በልዩ ልዩ አገሮች በወረርሽኝ፣ በጦርነትና በመልክዓ ምድር ርቀት ምክንያት ቤት የትምህርት ቤትን ተግባር እንዲሸፍን የተገደደባቸው ጊዜያት ብዙ ናቸው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ከእነዚህ መካከል ጥቂቶቹን በቅደም ተከተል መርምሮ ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት የሚጠቅመውን ነጥብ ማውጣት ነው። በሁሉም ዘንድ ጎልቶ የሚታየው ነገር የሚከተለው ነው። በየዘመኑ አዲስ የሆነው መሣሪያ፣ ሬዲዮም ይሁን ጋዜጣ ወይም ስልክ፣ ድምፅንና ጽሑፍን እስከ ቤት ደጃፍ ያደርሳል። ከደጃፉ ወዲያ ግን ትምህርቱ የሚጸናው ሦስት ነገሮች ሲገናኙ ነው፤ ይኸውም በሕፃኑ እጅ የሚሠራ አጭር ሥራ፣ በቤት ውስጥ የሚገኝ ዕቃና ለተሠራው ሥራ መልስ የሚሰጥ ሰው ናቸው።

1. ቤት የመጀመሪያው ትምህርት ቤት ስለመሆኑ

ቤት የትምህርት መነሻ ነው የሚለው አስተሳሰብ በትምህርት ፍልስፍና ታሪክ ውስጥ ሰፊ ቦታ አለው። የሞራቪያ ተወላጅ የሆነው ጆን አሞስ ኮሜኒየስ እ.ኤ.አ. በ1633 በጀርመንኛ ባሳተመው ስለ ሕፃናት አስተዳደግ በሚናገር መጽሐፉ የእናት ጉልበት የመጀመሪያው ትምህርት ቤት መሆኑን አስረድቷል። ሕፃኑ እስከ 6 ዓመቱ ድረስ በማየት፣ በመቁጠር፣ በመጫወትና ስሞችን በመጥራት የኋላውን ዕውቀት ሁሉ መሠረት በቤቱ ሊጥል እንደሚችል ያምን ነበር።

ይህን ሐሳብ በሥራ መልክ አጉልቶ ያሳየው የስዊዘርላንዱ ዮሐን ሃይንሪኽ ፔስታሎዚ ነው። ፔስታሎዚ እ.ኤ.አ. በ1781 ማውጣት በጀመረው «ሊዮናርድና ገርትሩድ» በተባለው ልብ ወለዱ ገርትሩድ የምትባል የገጠር ሴት ልጆቿን በሥራ ላይ ሳለች ስታስተምር ያሳያል። ልጆቿ ከቤቱ አንድ ጫፍ እስከ ሌላው ጫፍ ስንት እርምጃ እንደሆነ ይቆጥራሉ፤ አምስት አምስት ሆነው ከተደረደሩት የመስኮት መስተዋቶች የአሥርን ሥርዓት ይማራሉ፤ ጥጥ ሲፈትሉም የፈተሉትን ክር ይቆጥራሉ። ገርትሩድ የማስተማሪያ መሣሪያ አልገዛችም፤ የዕለት ሥራዋንም አላቋረጠችም። ቤቱ ውስጥ ያለውን ነገር ወደ ጥያቄ ለወጠችው።

የኢትዮጵያ ቤተሰብም ከዚህ የተለየ አልነበረም። ዘመናዊ ትምህርት ቤት ከመቋቋሙ በፊት ሕፃኑ የቋንቋን ርቱዕነት የሚማረው በምሽት፣ በምድጃ ዳር፣ ከአያት አፍ በሚሰማው ተረት ነው። እንቆቅልሽ ደግሞ በጠያቂና በመላሽ መካከል የሚካሄድ ሕግ ያለው ጨዋታ ነው። መልሱን ያጣ ልጅ አገር ስጥ ተብሎ እስኪሰጥ ድረስ አይለቀቅም፤ ስለዚህ ሁሉም አሳቡን ሰብስቦ ያዳምጣል። ገበጣ መደመርንና መቀነስን ብቻ ሳይሆን ጠጠሩ የት ላይ እንደሚያልቅ አስቀድሞ መገመትን ያስተምራል። የትውልድ ሐረግን እስከ ሰባት ቤት መቁጠር፣ በሶማሌ ቤተሰብ ዘንድም ሕፃኑ አብቲርሲ የሚባለውን የአባቶች ስም ዝርዝር በቃሉ መያዙ፣ የታሪክ ትምህርት መጀመሪያ ናቸው።

በቤተ ክህነት ትምህርትም ሕፃኑ ከፊደል ወደ አቡጊዳ፣ ከዚያም ወደ መልእክተ ዮሐንስና ወደ ዳዊት ሲሸጋገር አብዛኛውን ጊዜ የሚያስቆጥረው አንድ ደረጃ የቀደመው ልጅ ነበር። የኔታ የሚሰሙት ተማሪው ያጠናውን ሊያሰማ በቀረበ ጊዜ ነው። በቁርዓን ትምህርት ቤቶችም ሕፃኑ በሉሑ ላይ የጻፈውን ለመምህሩ አንብቦ ካላስደመጠ ወደሚቀጥለው አይሻገርም። በሁለቱም ዘንድ ልጁ ለብቻው የሚሠራበት ረጅም ሰዓትና መልስ የሚያገኝበት አጭር ጊዜ አለ። ይህ አሠራር ኋላ ከሚታየው የሬዲዮና የተልእኮ ትምህርት ልምድ ጋር የሚገጥም መሆኑ ሊታወስ ይገባል።

2. የቺካጎ ከተማ የሬዲዮ ትምህርት ቤት፣ እ.ኤ.አ. 1937

ትላልቅ ከተሞች በወረርሽኝ ምክንያት ትምህርት ቤቶቻቸውን ሲዘጉ በሬዲዮ አማካይነት ትምህርትን ወደ ቤት ለማድረስ ከተደረጉት ሙከራዎች መካከል በሰፊው የሚታወቀው በአሜሪካ የቺካጎ ከተማ የተደረገው ነው። እ.ኤ.አ. በ1937 የበጋ ወራት መጨረሻ ላይ በከተማዋ የልጅነት ልምሻ በሽታ ተቀሰቀሰ። በዚያን ጊዜ ለዚህ በሽታ ክትባት አልተገኘለትም ነበር። ስለዚህ ትምህርት ቤቶች በመስከረም መጀመሪያ ሊከፈቱ ሲገባቸው ለሦስት ሳምንታት ያህል ተዘግተው እንዲቆዩ ተደረገ።

የከተማዋ ትምህርት ቤቶች የበላይ ኃላፊ የነበሩት ዊልያም ጆንሰን ከረዳታቸው ከሚኒ ፋለን ጋር ሆነው ከ3ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ለሚገኙ 315,000 ያህል ሕፃናት የሬዲዮ ትምህርት አዘጋጁ። ስድስት የሬዲዮ ጣቢያዎች የስርጭት ጊዜያቸውን ያለ ክፍያ ሰጡ። በየትምህርቱ ዓይነት የተቋቋሙ የመምህራን ኮሚቴዎች የሚነገረውን ጽሑፍ አሰናዱ። እያንዳንዱ ትምህርት የሚፈጀው 15 ደቂቃ ነበር። ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ የኅብረተሰብና የሳይንስ ትምህርት፣ ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ደግሞ የእንግሊዝኛ ቋንቋና የሒሳብ ትምህርት ይሰጥ ነበር። የከተማዋ ጋዜጦች የዕለቱን መርሐ ግብር፣ ጥያቄዎችንና የቤት ሥራዎችን አስቀድመው ያትሙ ነበር።

በዚህ ሥራ ውስጥ ለመምህራንና ለዕቅድ አውጪዎች እጅግ ትምህርት የሚሰጠው ክፍል ከሬዲዮው ይልቅ ስልኩ ነው። በማእከላዊው ቢሮ 16 መምህራን ተቀምጠው የወላጆችን ጥያቄ በስልክ ይመልሱ ጀመር። በመጀመሪያው ቀን ብቻ ከ1,000 በላይ ጥሪ በመድረሱ ሌሎች መምህራን ተጨመሩ። ከዚህ የምንረዳው ወላጆች ከሬዲዮው የሰሙት ትምህርት ብቻ እንዳልበቃቸውና ልጃቸው የሠራው ሥራ ትክክል መሆን አለመሆኑን የሚነግራቸው ሰው መፈለጋቸውን ነው።

ጉድለቱም ግልጽ ነበር። ሬዲዮ ያልነበራቸው ቤቶች ነበሩ፤ በአንዳንድ ሠፈሮች ድምፁ አይጠራም ነበር። ትምህርቱ ለአንዳንዶች ፈጠነ፤ ያልገባውን ልጅ ቆም ብሎ የሚጠብቀው አልነበረም። ከሁሉም በላይ መታየት የሚገባው የ1ኛና የ2ኛ ክፍል ሕፃናት በዕቅዱ ውስጥ አለመካተታቸው ነው። ሬዲዮ ሰምቶ፣ ጋዜጣ አንብቦ፣ ጽፎ መመለስን መሠረት ያደረገ ዕቅድ ገና ማንበብ ያልጀመረውን ሕፃን ሊይዝ አይችልም። ይህ ክፍተት ከ83 ዓመት በኋላም በብዙ አገሮች አልተዘጋም ነበር።

3. ርቀትና ጦርነት

የቺካጎው ሥራ የሳምንታት ጉዳይ ነበር። ለዓመታት በቤት ውስጥ መማር ግዴታ በሆነበት ስፍራ ምን ዓይነት ዘዴ እንደተገኘ ለማወቅ ወደ አውስትራሊያና ወደ ኒው ዚላንድ መመልከት ያስፈልጋል። በአውስትራሊያ በቪክቶሪያ ክፍለ ግዛት እ.ኤ.አ. ከ1914 ጀምሮ ከትምህርት ቤት ርቀው ለሚኖሩ ሕፃናት የተልእኮ ትምህርት በፖስታ መላክ ተጀመረ። ሕፃኑን ከጎኑ ሆና የምታሠራው በአብዛኛው እናቱ ነበረች። የተሠራው ሥራ በፖስታ ወደ መምህሩ ይሄድና ታርሞ ይመለሳል፤ ነገር ግን በሚሄድበትና በሚመለስበት መካከል ብዙ ቀን ያልፋል።

ይህን ርቀት ያሳጠረው በአሊስ ስፕሪንግስ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1951 የተከፈተው የአየር ትምህርት ቤት ነው። ሐሳቡን ያመነጩት አዴሌይድ ሚትኬ የተባሉ የትምህርት ባለሙያ ሲሆኑ፣ በበረሃ የከብት እርባታ ጣቢያዎች የሚያድጉ ሕፃናት በሰው ፊት ለመናገር የሚያፍሩ መሆናቸውን አይተው በበረራ ሐኪሞች አገልግሎት የመገናኛ ሬዲዮ ለትምህርት እንዲውል አሳሰቡ። በመጀመሪያ ትምህርቱ ከመምህሩ ወደ ሕፃናቱ ብቻ የሚተላለፍ ነበር። ብዙ ሳይቆይ ግን በየስርጭቱ መጨረሻ የጥያቄና የመልስ ጊዜ ተጨመረ። በመቶ በሚቆጠሩ ኪሎ ሜትሮች ተራርቀው የሚኖሩ ሕፃናት ስማቸው ሲጠራ መስማትና መልስ መስጠት ቻሉ።

በኒው ዚላንድም እ.ኤ.አ. በ1922 የተቋቋመው የተልእኮ ትምህርት ቤት በመጀመሪያ የታሰበው ለራቀው የገጠር ሕፃን ነበር። የልጅነት ልምሻ ወረርሽኝ እ.ኤ.አ. በ1948 መጀመሪያ የአገሪቱን ትምህርት ቤቶች ሳይከፈቱ ባቆያቸው ጊዜ ግን ተቋሙ ዘዴውንና ልምዱን ይዞ ለከተማውም ሕፃን ደረሰ። ለጥቂቶች ተብሎ በሰላም ጊዜ የተዘጋጀ አሠራር በችግር ጊዜ ለሁሉም እንደሚተርፍ ይህ ጥሩ ማስረጃ ነው።

በብሪታንያ ደግሞ እ.ኤ.አ. በመስከረም 1939 ጦርነቱ ሲጀመር ሕፃናት ከትላልቅ ከተሞች ወደ ገጠር ተወሰዱ፤ በከተሞቹ የነበሩ ትምህርት ቤቶችም ተዘጉ። ሆኖም ብዙ ሕፃናት ከቤታቸው ሳይሄዱ ቀሩ፤ የሄዱትም መመለስ ጀመሩ። በዚህ ጊዜ መምህራን ጥቂት ጥቂት ሕፃናትን በግለሰብ ቤቶች ሳሎን ውስጥ እየሰበሰቡ ያስተምሩ፣ የቤት ሥራ ይሰጡና የቀድሞውን ያርሙ ነበር። ይህ የቡድን ትምህርት ሰዓቱ አጭር ቢሆንም ሕፃኑ ከመምህሩ ጋር ያለው ግንኙነት ፈጽሞ እንዳይቋረጥ አድርጓል።

4. ሲየራ ሊዮን፣ እ.ኤ.አ. 2014 – 2015

ከዚህ በላይ የተጠቀሱት አገሮች የፖስታ፣ የስልክና የመብራት አገልግሎት የተስፋፋባቸው ነበሩ። ወደ አፍሪካ ሁኔታ የሚቀርበው ምሳሌ የሲየራ ሊዮን ነው። የኢቦላ ወረርሽኝ በተስፋፋ ጊዜ የአገሪቱ ትምህርት ቤቶች ዘጠኝ ወር ያህል ተዘግተው ቆይተው እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 14 ቀን 2015 ተከፈቱ። በመካከሉ፣ እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2014 ጀምሮ፣ መንግሥት ከአጋር ድርጅቶች ጋር የአስቸኳይ ጊዜ የሬዲዮ ትምህርት አሰራጨ። ሬዲዮ የሌላቸው ቤቶች ብዙ ስለነበሩ በፀሐይ ኃይል የሚሠሩ ሬዲዮዎች በአንዳንድ ስፍራ ታደሉ።

የዚህ ታሪክ ሁለት ገጽታዎች ሊስተዋሉ ይገባል። አንደኛው አሳዛኝ ነው። ትምህርት ቤት በተዘጋበት ወቅት ብዙ ልጃገረዶች ለእርግዝና ተዳረጉ፤ በሮቹ ሲከፈቱም ነፍሰ ጡር መሆናቸው የታወቀባቸው ልጃገረዶች ወደ መደበኛው ክፍል እንዳይመለሱ ተከለከሉ። ክልከላው የተነሣው እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2020 ነው። ትምህርት ቤት የዕውቀት ቦታ ብቻ ሳይሆን የሕፃናት ጥበቃ ቦታም መሆኑን ይህ ያስረዳል። ሁለተኛው ገጽታ የዝግጁነት ነው። በዚያው ዓመት ኮቪድ-19 በመጣ ጊዜ ሲየራ ሊዮን የሬዲዮ ትምህርቱን ሳትዘገይ ልትጀምር የቻለችው በኢቦላ ዘመን ያካበተችው ልምድና ያዘጋጀችው ትምህርት በእጇ ስለነበረ ነው።

5. ኢትዮጵያ፣ 2012 ዓ.ም.

ኢትዮጵያም ትምህርትን ከክፍል ውጭ የማካሄድ የራሷ ልምድ ነበራት። ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ5 ቋንቋዎች ተጀምሮ ወደ 15 ቋንቋዎች የተስፋፋ ሲሆን፣ ከመደበኛው ክፍል ውጭ ባሉ ስፍራዎች ሁሉ ሰው ሊማር እንደሚችል አሳይቷል። የትምህርት ሬዲዮም ለብዙ ዓመታት በአንደኛ ደረጃ ክፍሎች ሲያገለግል የቆየ ነው። ነገር ግን የክፍል ሬዲዮ የተዘጋጀው መምህሩ ከስርጭቱ በፊት ተማሪዎቹን እንዲያዘጋጅ፣ በስርጭቱ ጊዜ እንዲያግዝ፣ ከስርጭቱም በኋላ እንዲያጠናክር ታስቦ ነው። ሬዲዮው ወደ ቤት ሲገባ እነዚህን ሦስት ተግባራት የሚፈጽም ሰው አብሮት አልገባም።

በ2012 ዓ.ም. መዘጋት ወቅት ለአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች በሬዲዮ፣ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች በቴሌቪዥን ትምህርት ተሰራጨ። በከተሞች የሚገኙ ብዙ የግል ትምህርት ቤቶች ማስታወሻና የቤት ሥራ በቴሌግራም ለወላጆች ይልኩ ነበር። ይህ ጥረት የሚመሰገን ቢሆንም ስንት ሕፃን ዘንድ ሊደርስ ይችል እንደነበረ ለመገመት በ2008 ዓ.ም. የተካሄደውን የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መመልከት ይበቃል። በዚያ ጥናት መሠረት ሬዲዮ ያላቸው ቤተሰቦች ከሦስት አንድ እንኳ አይሞሉም ነበር፤ የኤሌክትሪክ መብራት የሚያገኙትም ከአራት ቤተሰቦች የአንዱ ያህል ብቻ ነበሩ። በገጠር ያለው ቁጥር ከዚህም ያነሰ ነው።

ስለዚህ አብዛኛው የገጠር ሕፃን መዘጋቱን ያሳለፈው ከብት በመጠበቅ፣ ውኃ በመቅዳት፣ በእርሻና በቤት ሥራ ነው። ለልጃገረዶች ደግሞ ያለዕድሜ ጋብቻ ሥጋት ተጨምሮባቸዋል። ወላጆች ልጆቻቸው እንዲማሩ አለመፈለጋቸው አልነበረም ችግሩ። ማንበብ የማይችሉ አባትና እናት ከትምህርት ቤት የሚላክን ነገር ሊሠሩበት የሚችሉት ለእነርሱ በሚሆን መንገድ ከተዘጋጀ ብቻ ነው። በመሣሪያና በማንበብ ችሎታ ላይ የተመሠረተ ዕቅድ ከቤተሰቡ የሚጠይቀው ቤተሰቡ የሌለውን ነገር ነው። እህልን፣ ተረትን፣ ጥላን፣ ስንዝርን፣ የታላቅ እኅትን ሩብ ሰዓት መሠረት ያደረገ ዕቅድ ግን ቤተሰቡ ያለውን ይጠይቃል።

6. ከቤት ዕቃ የሚወጣ ትምህርት

ከላይ የተተረከው ታሪክ በአንደኛ ደረጃ ሥርዓተ ትምህርት ውስጥ በሥራ ሊተረጎም የሚችልባቸውን መንገዶች በየትምህርቱ ዓይነት ለማሳየት ያህል የሚከተሉት ቀርበዋል።

ሀ) ቋንቋ፤ ታላቅ ሰው ተረት ይነግረዋል፤ ሕፃኑ በማግሥቱ ለታናሹ ደግሞ ይተርክለታል። መጻፍ የሚችለው ሦስት ዓረፍተ ነገር ይጽፋል፤ ገና ያልቻለው የተረቱን መጀመሪያ፣ መካከልና መጨረሻ በሦስት ሥዕል ያሳያል። ፊደል ለሚለማመደው ሕፃን የክብሪት ሣጥን፣ የሳሙና መጠቅለያና የስኳር ከረጢት የንባብ መጽሐፍ ናቸው፤ የሚያውቀውን ፊደል እየፈለገ ይቆጥራል፣ በአመድ ወይም በአሸዋ ላይም ይጽፋል። የሰማቸውን እንቆቅልሾች ሰብስቦ አንድ አዲስ ራሱ እንዲፈጥር ቢታዘዝ ደግሞ የነገሮችን ባሕርይ አስተውሎ በሌላ ስም መግለጽን ይማራል።

ለ) ሒሳብ፤ ሕፃኑ የመደቡን ርዝመት በራሱ ስንዝር ይለካል፤ ቀጥሎም አባቱ በስንዝራቸው እንዲለኩት ይጠይቃል። ሁለቱ ቁጥሮች ለምን ተለያዩ? የወጥ መለኪያን አስፈላጊነት ከዚህ የተሻለ የሚያስረዳ የመጽሐፍ ገጽ ማግኘት ያስቸግራል። ባቄላ አሥር አሥር አድርጎ መከፋፈል የአሥርንና የአንድን ቤት ያስተምራል። አንድ ጣሳ ውኃ ስንት ስኒ ይሞላል? ለአምስት ሰው ቡና እስከ በረካ ድረስ ሲጠጣ በጠቅላላው ስንት ስኒ ይቀዳል? እነዚህ የገርትሩድ ጥያቄዎች በኢትዮጵያ ቤት ናቸው።

ሐ) ሳይንስ፤ በሦስት የቆርቆሮ ጣሳዎች ውስጥ ባቄላ ይዘራል፤ አንዱ ውኃና ብርሃን ያገኛል፣ አንዱ ውኃ ይከለከላል፣ አንዱ በጨለማ ይቀመጣል። ሕፃኑ በየቀኑ የሚያየውን ይናገራል ወይም ይሥላል። በጓሮ አንድ እንጨት ተክሎ ጧት፣ ቀትርና ማታ የጥላውን ርዝመት በእግሩ ይለካል። ጥላን በእግር ለክቶ ሰዓትን ማወቅ የቆየ የአገር ልማድ በመሆኑ አያቱም በዚህ ጉዳይ የሚያስተምሩት ነገር አይጠፋም።

መ) የአካባቢና የኅብረተሰብ ትምህርት፤ ሕፃኑ የትውልድ ሐረጉን እስከቻለው ድረስ ይቆጥራል፤ ከቤት እስከ ውኃ መቅጃው ያለውን መንገድ በመሬት ላይ በጠጠርና በጭራሮ ካርታ ያደርጋል። ለአንድ ሽማግሌ ሦስት ጥያቄ አቅርቦ መልሱን ይዞ ይመጣል፤ በልጅነትዎ ገበያው የት ነበር? ምን ይሸጥ ነበር? መንገዱ መቼ ወጣ?

ሠ) የእጅ ሥራ፤ በስንደዶና በአክርማ የሚሠራ ስፌት ቀለሞቹ በቁጥር ሥርዓት የሚደጋገሙ በመሆናቸው የጥበብም የሒሳብም ትምህርት ነው። በጭቃ ቅርጽ መሥራት ደግሞ ለጽሕፈት የሚያስፈልገውን የጣት ብርታት ያዳብራል።

በእነዚህ ሥራዎች አፈጻጸም ሦስት ጥንቃቄዎች ያስፈልጋሉ። በመጀመሪያ፣ የቤት ሥራን በትምህርት ስም ማብዛት አይገባም። ዱቄት የምትሰፍር ልጅ የሰፈረችውን እንድትገምት፣ እንድታወዳድርና እንድትናገር ካልተጠየቀች የተጨመረላት ድካም ብቻ ነው። ሁለተኛ፣ ሥራው አጭር ይሁን፤ የቺካጎ መምህራን 15 ደቂቃን የመረጡት ለሬዲዮ ቢሆንም ለቤት ሥራም ከዚህ ብዙ መራቅ አያስፈልግም። ሦስተኛ፣ በተላላፊ በሽታ ዘመን ሕፃናትን የሚያሰባስብ ሥራ የጤና ባለሙያዎችን ምክር መከተል አለበት።

ሥራው ከተሰጠ በኋላ መልሱ በምን መንገድ ይመለሳል? ስልክ ባለበት ስፍራ የመምህሩ የአንድ ደቂቃ ጥሪ የቺካጎን የስልክ አገልግሎት ይተካል። ስልክ በሌለበት የገበያ ቀን፣ የቤተ ክርስቲያን ወይም የመስጊድ ደጃፍ፣ የዕድር ጥሩምባ ነፊ ሳይቀሩ አንዲት ወረቀት ወዲያና ወዲህ ሊያደርሱ ይችላሉ። በየመንደሩ አንድ ከፍ ያለ ክፍል ተማሪ አራት ወይም አምስት ታናናሾችን እንዲያዳምጥ ቢመደብ የቀድሞው የፊደል ቤት ሥርዓት በአዲስ መልክ ይሠራል። መምህሩ በሚመልሰው ወረቀት ላይ ሊጽፍ የሚገባው ነጥብ ወይም ማርክ ሳይሆን ልጁ ስላሳየው ነገር አንድ ቃልና ወደሚቀጥለው ሥራ የሚመራ አንድ ጥያቄ ነው።

ማጠቃለያ

ከኮሜኒየስ እስከ ቅርቡ ወረርሽኝ ድረስ ያለው ታሪክ የሚያስረዳው ቤት ትምህርት ቤትን ሙሉ በሙሉ ሊተካ እንደማይችል ነው። የቺካጎ ትምህርት ቤቶች ሲከፈቱ ለወደኋላ ቀሪዎች ማካካሻ አስፈልጎ ነበር፤ በኢትዮጵያም እንዲሁ ሆኗል። ይሁን እንጂ ቤት ባዶ ስፍራ አይደለም። ሕፃኑ የተማረውን እንዳይረሳ፣ መጠየቅን እንዳይተው፣ ራሱንም ተማሪ ብሎ መጥራቱን እንዳያቋርጥ ሊያደርግ የሚችል ብዙ ሀብት በውስጡ አለ።

ይህም ለነገ የሚተው ጉዳይ አይደለም። በትግራይ፣ ቀጥሎም በአማራ ክልል ብዙ ትምህርት ቤቶች በጦርነት ምክንያት ለረጅም ጊዜ ተዘግተው ቆይተዋል። የመዘጋቱ ምክንያት ይለያይ እንጂ ሕፃኑ የሚያጣው ነገር አንድ ነው። ኒው ዚላንድና ሲየራ ሊዮን በክፉ ቀን የተጠቀሙበት አሠራር ከክፉው ቀን በፊት የተገነባ ነበር። ስለሆነም የቤት ውስጥ የትምህርት ሥራዎች ስብስብ ከ1ኛ እስከ 4ኛ ክፍል ድረስ በየቋንቋው ተዘጋጅቶ በየትምህርት ቤቱ ቢቀመጥ፣ መምህራንም በመደበኛው ጊዜ በየወሩ አንዱን ለቤት ሥራ እየሰጡ ቢሞክሩት፣ ወላጆች በሩ ከመዘጋቱ በፊት ይለምዱታል። የመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጆች ደግሞ እጩ መምህራን በሚለማመዱባቸው ቀበሌዎች ያሉትን ጨዋታዎች፣ መለኪያዎችና ተረቶች እየሰበሰቡ ወደ ትምህርት ሥራ እንዲለውጡ ቢያደርጉ ለስብስቡ የሚያስፈልገው ጥሬ ሀብት ብዙ ወጪ ሳይጠይቅ ይገኛል።

በዕቅዱ ውስጥ መጀመሪያ ሊታሰብለት የሚገባው በቺካጎ የተዘለለው የ1ኛና የ2ኛ ክፍል ሕፃን ነው። ዕቅዱም የሚመዘነው ሬዲዮ በሌለበት፣ አባትና እናት ማንበብ በማይችሉበት ቤት ውስጥ ላለው ሕፃን በመዘጋቱ ሁለተኛ ቀን ጧት የሚሠራው ነገር ማቅረብ በመቻሉና በሳምንቱ መጨረሻም ለሠራው ሥራ መልስ የሚሰጠው ሰው በመገኘቱ ነው።